ካሜራው ያየው ብቸኛ ፊት

አያ ፈንታው ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ብርቄ ናት። በጠዋት ደወለች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነገረችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለና «ጋሼ፣ የአባቴ ፎቶ እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

አልነበረኝም። ማንም ዘንድ አልነበረም። በላሊበላ ፎቶ ያልተነሣ ድንጋይ የለም፤ ከዓለም ዙሪያ የመጣው ሁሉ ደጁን፣ መስኮቱን፣ ግድግዳውን ደጋግሞ አንሥቷል። አያ ፈንታው ከሠላሳ ዓመት በላይ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዱ ደጃፍ ተቀምጠው የዚያን ሁሉ ፎቶ አንሺ ጫማ ሲጠብቁ፣ ካሜራውን ወደ እሳቸው ያዞረ ሰው አላውቅም። የሚያናግራቸውም ቢኖር «ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» ለማለት ነው።

«አንድ ቦታ ግን አለ» አልኳት። «ኮሚቴው ቢሮ።»

የትኛውን ፎቶ እንደምል ገብቷታል።

«እሱን ነው ድንኳን ውስጥ የምሰቅለው?»

«ሌላ የለም፣ ብርቄ።»

ለማያውቋቸው ላስተዋውቃቸው። አያ ፈንታው ጫማ ጠባቂ ነበሩ። ወደ ቤተ መቅደስ በጫማ አይገባም፤ ስለዚህ ደጁ ላይ ጫማ ይወልቃል፤ የወለቀ ጫማ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ሥራው ይኸው ነው። ከደጁ በስተግራ፣ ከዐለቱ ጋር አብሮ የተጠረበ የሚመስል መቀመጫ ነበራቸው፤ ላዩ ላይ ጠጉሩ ያለቀ አጎዛ ተነጥፏል። ክረምት ከበጋ አንድ የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ። እግራቸው ላይ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ አለ። አንድ ቀን «የሰው ጫማ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው እንዴት ደህና ጫማ አይኖርዎትም?» ብላቸው፣ «የኔን ማን ይጠብቅልኛል?» አሉኝ።

ሰውን በስሙ አይጠሩም ነበር፤ በጫማው ነው። የሆቴሉ ባለቤት «ሹሉ» ነው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ነጭ ሸራ» ናት። እኔ «አርባ አንድ» ነበርኩ። እግሬ ግን አርባ ሁለት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ጫማዬን ተቀብለው ውስጡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ይኸ ጫማ ከእግርህ በአንድ ቁጥር ያንሳል። ለማን ብለህ ነው የምትሠቃይ?» አሉኝ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ስለ እኔ በዚህ አጭር ቃል ይህን ያህል የተናገረ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

ጭቃ ያነባሉ። ከፍላቂት ገበያ የመጣውንና ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና የወጣውን ከሶሉ ይለዩታል። ከይምርሐነ ክርስቶስ የሚመለሰውን ሰው ደግሞ «ማሰሪያህ ውስጥ የጽድ ቅጠል ይዘህ መጥተሃል» ብለው ያስደነግጡታል። ተረከዙ በውጭ በኩል ያለቀ ሰው ችኩል ነው ይላሉ። ጫፉ ያለቀውን «ይኸ ሰው ሲጸልይ ተንበርክኮ ነው፤ ወይ ደግሞ ብዙ የሚለምነው ነገር አለው» ይሉታል። የሰው ፊት ግን ብዙም አያዩም። «ፊት ከኔ በላይ ነው» ይሉ ነበር። «አንገቴን ያመኛል።»

ቁጥር አይሰጡም፤ ካርድ አይሰጡም። በበዓል ቀን አምስት መቶ ጫማ ተደርድሮ ባለቤቱ ከደጅ ሲወጣ፣ ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ሳይወርድ ጫማው ከፊቱ ይቀመጣል። ለአንድ ሰው ብቻ ግን ጫማ አያቀብሉም ነበር፤ ለየኔታ። የኔታ ዐይነ ስውር የቅኔ መምህር ናቸው። በዱላቸው እየተመሩ ብቻቸውን ይመጣሉ፤ የሰው እጅ መያዝ አይወዱም። ከደጁ ትይዩ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱ የየኔታ ጫማ ቦታ ነው። ሌላ ሰው ጫማውን እዚያ ሊያስቀምጥ ከቃጣ አያ ፈንታው በዱላቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉበታል። የኔታ ሲወጡ በዱላቸው ድንጋዩን ያገኙታል፤ ከድንጋዩ ላይ ጫማቸውን ያገኛሉ፤ የማንንም እርዳታ ሳይሹ ይሄዳሉ። ጫማው ከመጠጋገኑ ብዛት የመጀመሪያው ቆዳ የቱ እንደሆነ ለመናገር ያስቸግር ነበር።

ስለ ሌባም አንድ ነገር ልናገር። አንድ የጥር ቀን ከሩቅ የመጣች ተሳላሚ ስልኳ ጠፋና ውስጥ ሆና ጮኸች። አያ ፈንታው ከተቀመጡበት አልተነሡም። አንድ ጎልማሳ ከደጅ ወጥቶ ጫማውን አጠለቀና ማሰሪያውን ሳያስር ሊሄድ ሲል፣ «ኧረ ቆይ፣ ማሰሪያህን እሰር፤ ደረጃው ላይ ትወድቃለህ» አሉት።

«ግዴለም አባባ፣ እቸኩላለሁ።»

«እኔ አስርልሃለሁ» አሉና ተንበረከኩ። ሽማግሌ እግሩ ሥር ሲንበረከክ ጥሎ የሚሄድ ሰው በላስታ አልተፈጠረም። አያ ፈንታው ማሰሪያውን ፈቱ፤ በየቀዳዳው አንድ በአንድ አወጡት፤ እንደገና አንድ በአንድ መለሱት። ስለ እርጥበቱ እያወሩ፣ ስለ ቆዳው እየጠየቁ፣ ቁርጭምጭሚቱን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ሴትዮዋ እያለቀሰች ወጣች። ሁለተኛውን እግር ሲጀምሩ ሰውዬው ላብ አጠመቀውና «ይኸ ስልክ መሬት ወድቆ አግኝቼ ነበር» አለ።

«እግዜር ይስጥህ» አሉት። «በል አሁን ሂድ። ጥሩ ታስሮልሃል።»

ማንም አልተደበደበም፤ ማንም አልታሰረም፤ ከጫማው በቀር። ይህን ለኮሚቴው ብነግራቸው «ይኸማ ዘመናዊ አሠራር አይደለም» አሉኝ።

ኮሚቴ ያልኩት የጸጥታ ካሜራ አስተባባሪ ኮሚቴ ይባላል። የተቋቋመው ሦስት ስልክና አንድ የሆቴል ውሃ መሳቢያ ከጠፉ በኋላ ነው። የእርዳታ መጠየቂያውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካሜራ ወንጀልን ያስቀራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አያስቀርም የሚሉም አሉ፤ እኔ ከሁለቱም ጋር ተጣልቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት አምኜበት አይደለም። ከተማው ውስጥ የማልወዳቸው ሰዎች ሁሉ ካሜራውን ተቃውመው ስለነበረ ነው። ጥሩ ደብዳቤ ነበር። ዋና ከተማ የሚኖር አንድ የአገራችን ተወላጅ አንብቦት አልቅሶ ካሜራውን ገዝቶ ላከ።

የሚተክለው ባለሙያ ከደሴ መጣ። መሰላሉን ከደጁ አናት ላይ ሲያስደግፍ አያ ፈንታው ቀና ብለው፣ «ይኸ ነገር ምን ያያል?» አሉት።

«ሁሉንም ያያል አባባ።»

«ማታስ?»

«ማታም ያያል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

ባለሙያው አሰበና «ያኔ አያይም» አለ።

«እንግዲያ እንደኔው ነው። እኔ ግን መብራቱ መጥፋቱን አውቃለሁ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ልጄ፣ እዚያ አትትከለው፤ አይረባህም» አሉት።

«ለምን?»

«ሰው እዚህ ሲደርስ ምን ያደርጋል?»

ባለሙያው የሚያውቀው ጥናት ሁሉ በር ላይ ይተከል ይላል፤ እዚያው ተከለው። እኛም በዙሪያው ቆመን «አዎ፣ በር ላይ ነው የሚሻል» አልን። ከመካከላችን ያን ጠዋት ያን ደጅ ጎንበስ ብሎ፣ መቃኑን ስሞ ያላለፈ አንድም ሰው አልነበረም። የአያ ፈንታው ጥያቄ ግን ለማናችንም አልገባንም።

የምረቃው ቀን በወርኃዊ በዓል ላይ ዋለ። የክብር እንግዳ ከላይ መጡ። ከየት እንደሆነ አልናገርም፤ ‹ከላይ› ማለት ለሁላችንም በቂ ነው። ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ፣ ገና ከሣጥኑ የወጣ ጫማ አድርገው ነበር። ሲያወልቁ አጃቢያቸው ተቀብሎ ዙሪያውን ቃኘና ካሜራው በደንብ የሚያየውን ቦታ መረጠ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ። በድንጋዩ ላይ የየኔታ ጫማ ነበር፤ የኔታ ቀድመው ገብተዋል።

«ይኸ ምንድን ነው? ካሜራው ውስጥ ሊገባ ነው እኮ» አለ አጃቢው።

«የሰው ጫማ ነው። ቦታውም የሱ ነው» አሉ አያ ፈንታው።

አጃቢው የየኔታን ጫማ በእግሩ ጫፍ ገፋው። ጫማው ከጠርዙ ላይ ተንከባሎ ታች ጥልቁ የውሃ መውረጃ ውስጥ ገባ። የጌታውን ጫማ በድንጋዩ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ አቧራ ጠረገለት፤ ወደ ካሜራው ቀና ብሎ አየና በሥራው ረክቶ ገባ። ይህን ሁሉ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ ቀን እጽፈዋለሁ ብዬ በሐሳቤ ያዝኩትና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ጸሎቱ ሲያበቃ እንግዳው ወጡ። ንግግራቸውን ከደጁ ላይ፣ ከካሜራው ሥር ሊያደርጉ ታስቧል። ድንጋዩ ባዶ ነው።

ጫማ ፍለጋው ሩብ ሰዓት ወሰደ። ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ እንግዳው ንግግሩን በካልሲ አደረጉት። ርእሱ «ከእንግዲህ ከዕይታ የሚሰወር ነገር የለም» የሚል ነበር። ካልሲያቸው ቀይ ነው። ወደ መኪናቸው የሄዱት ከሆቴል በመጣ የመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ቢሮ ተሰበሰብን። ያ ሁሉ ነገር የተገዛው ለዚህ ቀን አይደል? ሰብሳቢው እጁን እያፋተገ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ጫማው በድንጋዩ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ከዚያ ሕዝቡ መጣ። ነጭ የለበሰ፣ በነጭ የተከናነበ፣ መቃኑ ጋ ሲደርስ ጎንበስ የሚል፤ ሲገባ ጎንበስ፣ ሲወጣ ዞሮ ጎንበስ። ማንም ፊት አልነበረውም። ለሁለት ሰዓት ያህል የተመለከትነው አናትና ጀርባ ነው።

«ይኸኛው ማነው?» ይላል ሰብሳቢው።

«ቄስ ይመስለኛል» ይላል ጸሐፊው።

«ይኸኛውስ?»

«እሱም ቄስ ይመስለኛል።»

«ይኽችኛዋ፣ ሦስት ጊዜ የምትሳለመዋ?»

«እሷ እናቴ ናት» አለ የሆቴሉ ባለቤት። «እሷን እለፋት።»

አለፍናት። ነጭ ጀርባ ድንጋዩን ሸፈነው፤ ሌላ ነጭ ጀርባ ተተካ፤ ጀርባው ሲገለጥ ጫማው የለም። በዚያ ሁሉ ጀርባ መካከል ግን አንድ ፊት ነበረ። አያ ፈንታው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያሉ። ከነሽብሽባቸው፣ ከነጥርሳቸው ክፍተት። ሰብሳቢው ምስሉን አቆመው።

«አገኘነው» አለ።

እንዲህ ነው የሆነው። አይቶ የያዘው አንድ ፊት ስለሆነ፣ ጥፋተኛውም ያ ፊት ሆነ። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ «ሌሎቹ እኮ ፊታቸው ስላልታየ እንጂ ...» ብዬ ጀምሬ ነበር። «አንተ ራስህ ‹ካሜራ አያዳላም› ብለህ አይደል የጻፍከው?» አሉኝ። ጽፌያለሁ። በሁለተኛው አንቀጽ።

አያ ፈንታው ተጠሩ። በረባሷቸውን በሩ ላይ ሊያወልቁ ሲሉ «ይግቡ፣ ቢሮ ነው» ተባሉ። አወለቁት።

«አያ ፈንታው፣ የክብር እንግዳው ጫማ የት ጠፋ?» አለ ሰብሳቢው።

«አልጠፋም።»

«አልጠፋም?»

«ሠላሳ ዓመት ጫማ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

«ታዲያ የት ነው ያለ?»

«እግር ላይ ነዋ። ጫማ ሌላ የት ይኖራል?»

«የማን እግር ላይ?»

«እኔ የምጠብቀው ጫማ ነው። እግር ጠብቅ ያለኝ የለም።»

ሰብሳቢው ተናደደ፤ ምስሉን በጣቱ መታ። «ለምንድን ነው ታዲያ ካሜራውን እንዲህ አፍጥጠው ያዩት?»

«አፍጥጦ ሲያየኝ ነዋ።»

ከዚያ ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር ጨመሩ። «ያ ጫማ ለሰውዬው ይሰፋቸው ነበር። ጫፉ ላይ ጥጥ ተወትፎበታል።» ይህችን ሰብሳቢው እንደ ስድብ ቆጠራት፤ በቃለ ጉባኤውም ውስጥ ‹ተጠርጣሪው የክብር እንግዳውን እግር ዝቅ አድርጎ ተናገረ› ተብላ ገባች።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አንድ ከሰዓት አሳለፉ። ጫማ አልተገኘባቸውም፤ ተመለሱ። ከመቀመጫቸው ግን በኮሚቴው ትእዛዝ ተነሡ። ምስሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ‹ተጠርጣሪ› በሚል ስም ተቀመጠ። በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ብርቄን «የጫማ ሌባው ልጅ» አለቻት። ብርቄ የገዛችውን ሽንኩርት እዚያው ጥላ ቤት ገባች። እኔ የዚያን ቀን እነሱ ቤት ነበርኩ።

«አባባ፣» አለች ቆማ፣ «ካላወቁ አላውቅም ይበሉ። ካወቁ ይናገሩ። ሁለት ነገር ነው።»

«አላውቅም ብል እዋሻለሁ።»

«እንግዲያ ይናገሩ።»

«ብናገር ሰው አዋርዳለሁ።»

«እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

አያ ፈንታው እግሯን አዩ። ከገበያ የመጣችበት ጫማ አንዱ ማሰሪያው ተበጥሷል። ቁጭ በይ አሏትና መጠገን ጀመሩ።

እውነቱን ግን ከተማው በአንድ ሳምንት ውስጥ አውቆት ነበር። ወይም ያወቀ መስሎት ነበር። እሑድ የኔታ ሲመጡ እግራቸው ላይ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ ጫማ አለ። ዘወትር እንደሚያደርጉት በዱላቸው ድንጋዩን ፈልገው አገኙት፤ ጫማውን በዚያው አስቀመጡት፤ ገቡ። ያየ ሁሉ ተረዳው፦ ዐይነ ስውር ሰው ከለመደው ቦታ ያገኘውን ጫማ አደረገ። ማንም ምንም አላለም። ወፍጮ ቤት በር ላይ አንዲት ባልቴት «የኔታ፣ ጫማዎ አማረብዎ» ብላቸው «የሰጠኝን እሱ ይስጠው» ብለው መረቋት። እሷም አሜን አለች። አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ዐዋቂ እና ዝምተኛ ሲሆን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያላወቀው ቴሌቪዥን የተገጠመለት ቢሮ ብቻ ነው። ካሜራው ያንን ጫማ በየእሑዱ፣ በየበዓሉ፣ ሲመጣና ሲሄድ ቀርጾታል። ቢሮው ግን ፊት ነበር የሚፈልገው።

እኔም ነገሩ ሲገባኝ ወደ አያ ፈንታው ሄድኩ። አጃቢው ያደረገውን አይቻለሁና እመሰክራለሁ አልኳቸው።

«ለማን ነው የምትመሰክር?»

«ለኮሚቴው።»

«ከዚያስ? ፖሊስ ይዘው የየኔታ ጎጆ ሊሄዱ? በተማሪዎቻቸው ፊት ከእግራቸው ላይ ሊያወልቁ?» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አርባ አንድ፣ አንተ የሚጠብህን ጫማ ችለህ የለም? እኔም ይኸን እችላለሁ።»

ዝም አልኩ። ግን ጸሐፊ ዝም አይልም፤ ስለ ካሜራ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ካሜራ እንዴት ንጹሕ ሰውን እንደሚወነጅል፣ መስታወት ኅሊና እንደሌለው፣ ያየና ያስተዋለ አንድ እንዳልሆኑ ጻፍኩ። ስም ሳልጠራ በየጽሑፉ አንድ ንጹሕ ሽማግሌ አስገባ ነበር። አንባቢ ወደደልኝ።

አያ ፈንታው በዚህ ጊዜ ሥራቸውን አላቆሙም። ኮሚቴው አዲስ ጠባቂ ቀጠረ፤ ባለ ቁጥር የፕላስቲክ ካርድ አሠራ። ሰው ካርዱን ይጥለዋል፤ ወይ ከሌላው ጋር ይለዋወጠዋል፤ አንድ መነኩሴ የአንዲት ነርስ ጫማ ተሰጥቷቸው ሲከራከሩ ውለዋል። አያ ፈንታው ከካሜራው ዕይታ ሁለት ክንድ ወጣ ብለው አጎዛቸውን አነጠፉ። ሕዝቡ ለአዲሱ ጠባቂ እጅ ነሥቶ አልፎ ጫማውን ለእሳቸው ይሰጥ ጀመር። ኮሚቴው ይኼን ሲሰማ ካሜራውን ወደ እሳቸው አዞረ። አያ ፈንታው ተነሥተው ማዶ ተቀመጡ። ካሜራው ተከተላቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ደጁን የሚያይ ጠፋ፤ ያ ሁሉ ደብዳቤና ያ ሁሉ ምረቃ አንድ ሽማግሌ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚያረጅ መከታተያ ሆነ።

«ብቻዬን አልሆንኩም» ይሉኝ ነበር ወደ ላይ እየጠቆሙ። «እሱም ሥራ አገኘ።»

ባለፈው ወር ነው ያረፉት፤ በአንድ ሳምንት ጉንፋን። ብርቄና እኔ ቢሮ ሄደን ‹ተጠርጣሪ› የሚለው ተከፈተልንና ምስሉን ወሰድን። ፎቶ ቤቱ አጎልቶ አጠበው፤ እሷ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ አድርጋ ድንኳኑ ውስጥ ሰቀለችው። ለቅሶ የመጣው ሕዝብ ተገረመ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን አጎንብሰው ኖረው፣ አሁን ቀና ብለው ሁሉንም ያያሉ። ከጥጉ ላይ ቀኑ ታትሟል፤ ባለሙያው ካሜራውን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሞላው። አንዲት ፊደል የቆጠሩ እናት ዓመቱን በጣታቸው ተከትለው አነበቡና «ይኸ ዓመት እኮ ገና አልመጣም» አሉ። ጎናቸው ያሉት ሴትዮ «እሳቸው ቀድመው ደርሰው ይሆናል» አሏቸው።

በሠልስቱ የኔታ መጡ። ያው ጥቁር ጫማ ነው፤ አሁን ፊት አያሳይም፤ አንድ ጎኑ ተጠግኗል። በዱላቸው እየተመሩ ገቡና ከብርቄና ከኔ መካከል ተቀመጡ።

«ፎቶ ሰቅላችኋል አሉኝ። ወዴት ነው የሚያዩ?»

«ወደ ላይ፣ የኔታ» አልኩ። «ወደ ካሜራው።»

ፈገግ አሉ። «እንግዲያ ያን ጊዜ ነው።»

«የቱን ጊዜ?»

«ጫማውን የሰጡኝ ጊዜ።»

ብርቄ ዞረች። የኔታ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው በዝግታ ነገሩን። ጸሎቱ ሳያበቃ መውጣታቸውን፣ ድንጋዩ ላይ የነካቸው ነገር ለስላሳ መሆኑን። «‹አያ ፈንታው፣ ይኸ የኔ ጫማ አይደለም፤ የኔ የት አለ?› አልኳቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። ብድግ ሲሉ ሰማሁ። ማንም እንዳያያቸው ይሆናል የቃኙ። ከዚያ ‹የርስዎ ናቸው፣ የኔታ፤ ይልበሷቸው› አሉኝ። ‹አላውቃቸውም እኮ› ብላቸው ‹ቦታው የርስዎ ነው፤ በርስዎ ቦታ የተቀመጠ የርስዎ ነው› አሉና ጎንበስ ብለው በእጃቸው አጠለቁልኝ። ከወር በኋላ ነገሩን ስሰማ ሄጄ ልናገር አልኳቸው። ‹የኔታ፣ ለርስዎ በልክዎ ነው፤ ለሰውዬው ይሰፋቸው ነበር› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንሥተነው አናውቅም።»

ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁ። ከታች ከጥጉ፣ ከነጭ ጀርባ ሥር፣ የዱላ ጫፍ ይታያል። ከዱላው አጠገብ ጫማው ገና ድንጋዩ ላይ ነው፤ አንድ ያረጀ እጅ ደርሶበታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያየነው ነገር ነው። ሁላችንም ያየነው ፊቱን ነው።

እንግዲህ ካሜራው አልተሳሳተም ነበር። ሁለት ዓመት ስለ ንጹሕ ሽማግሌ ጻፍኩ፤ ሽማግሌው ንጹሕ አልነበሩም። ዐውቀው፣ ፈልገው፣ ዙሪያቸውን ቃኝተው፣ የባለ ሥልጣን ጫማ አንሥተው ለሌላ ሰው አጥልቀዋል። በከተማችን ታሪክ ያ ካሜራ ትክክለኛውን ሰው የያዘው በዚያች አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም የያዘው በማይገባ ምክንያት ነው።

ብርቄን አየኋት። አባቷ ሌባ አይደለም ብላ ሁለት ዓመት ከገበያ ጋር የተጣላች ልጅ ናት። የኔታ ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን መፍታት ጀመሩ። «ከፎቶው ሥር አስቀምጪልኝ» አሏት። «እሳቸው ስለኔ ሌባ ተብለው ሞቱ። አሁን ሰው ይወቀው።»

ከመቀመጫዋ ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። የተፈታውን ማሰሪያ ይዛ በየቀዳዳው አንድ በአንድ መልሳ አሰረችው።

«የርስዎ ናቸው፣ የኔታ» አለች። «ይልበሷቸው።»

ገና ሳትነሣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ገባ። እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከየኔታ ትይዩ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ የጫማው ጫፍ ከየኔታ የጫማ ጫፍ ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ቀና ብሎ ፎቶውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አየህ ጥራቱን?» አለኝ በሹክሹክታ። «አንድም ነገር አላመለጠውም።»

«አየሁ» አልኩት፣ ወደ ታች እያየሁ።